በየትኛው ጣትሽ ይጀምራል?

ይህን የምጽፈው ከንፈር እንዲመጠጥልኝ አይደለም። ከንፈር መጣጩን ስድስት ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ፤ መጥጦ ሲጨርስ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ለብቻው ያስቀምጣል። የምጽፈው እጁ ወይም እግሩ ሳያዝዘው የሚንቀሳቀስበት፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ «ምንም የለብህም» ተብሎ የሚመለስ ሰው ካለ እንዲያነበው ነው። አንብቦ ቢናደድ ደስ ይለኛል። እኔን ካዳኑኝ ነገሮች አንዱ ንዴት ነው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ የቆርቆሮ በር ያላት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የጥምቀት ቀሚስ፣ ሲመጣም የካህናት ቀሚስ እሰፋለሁ። ባሌ ጌትነት የእስቴ ሰው ነው፤ በግብርና ባለሙያነት ይሠራል። ደግ ሰው ነው፤ እናቱ ፊት ግን ምላሱ ይታሰራል። ሕመሙ ሲጀምረኝ ልጃችን ብርቱካን ገና ዳዴ ትል ነበር።

አንድ ሐሙስ ቀን ነው። ለነገው ገበያ የሚደርስ ቀሚስ ስሰፋ የቀኝ እጄን አውራ ጣት ጫፉ ላይ ውርር አደረገኝ፤ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስል። ከዚያ ጣቱ በራሱ ጊዜ ወደ መዳፌ ታጠፈና ይርገበገብ ጀመር። «ተው!» አልኩት፣ እንደ ሰው። አልሰማኝም። ትንሽ ቆይቶ ተወኝ። ብቻዬን ሳቅሁ።

በሦስተኛው ጊዜ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እጄ ጨርቁን እንደያዘ ከቁጥጥሬ ወጣ፤ እግሬ ደግሞ ፔዳሉን መርገጡን አልተወም። መርፌው የጠቋሚ ጣቴን ጥፍር በስቶ ገባ። እጄ ስለማይታዘዘኝ መንቀል እንኳ አልቻልኩም። በግራ እጄ መንኮራኩሩን ወደ ኋላ አዙሬ ነው ያወጣሁት።

መጀመሪያ የሄድኩት አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰውዬ ስለ ጣቴ ልነግረው ስጀምር ደም ቅጂ ብሎ ላከኝ። ውጤቱ መጣ፦ ታይፎይድ። በእኛ አገር ታይፎይድ ያልተገኘበት ሰው ቢኖር ያልተመረመረው ብቻ ነው። «ታይፎይድ ጣት ያንቀጠቅጣል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አንቺ ነሽ ሐኪሙ?» አለኝ።

ድንቄም ሐኪም! መርፌውን ሰባት ቀን ወጋኝ። ቀጥሎ ጨጓራ ነው አለ። ቀጥሎ «ነርቭሽ ደክሟል» ብሎ ቀይ ቀይ የቫይታሚን መርፌ ወጋኝ። ቂጤ አበጠ፤ ጣቴም እንዳመሉ ቀጠለ። ሰውዬው ግን ክሊኒኩን አስፋፍቶ ሁለት ክፍል ጨመረ።

ዓመት ሳይሞላ ርግብግቡ ከጣቴ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ ወደ ከንፈሬ ጥግ መውጣት ጀመረ። ያኔ አፌ ይያዛል። ሁሉን እሰማለሁ፣ ሁሉን አያለሁ፤ ግን አንድ ቃል አይወጣኝም። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ በአርብ ቀን፣ ገበያው መሐል ወደቅሁ።

የወደቅሁትን አላስታውስም። የማስታውሰው መንቃቴን ነው። አንድ በሬ ሊሸጥ የመጣ ሰውዬ በላዬ ተጎንብሶ ክብሪት እየጫረ ጭሱን ያስሸትተኛል። ክብሪቱ አፍንጫዬን አቃጥሎ ነው የነቃሁት፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ሌላው ጥርሴን ሊፈለቅቅ የማንኪያ እጀታ ሲያስገባ የፊት ጥርሴን ሸርፎታል። ዙሪያውን የቆመው ሰው ያማትባል፤ ራሴን ከድንጋዩ ላይ ያነሣልኝ ግን አንድም አልነበረም። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ይበልልኝ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት አይፈልግም፣ ማንኪያ አይፈልግም። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉለት፣ ጠብቁት። አምስት ደቂቃ ካለፈው ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ትንሽ ማሰብ ብቻ ነው።

ከዚያ አርብ በኋላ ስሜ ተለወጠ። «ልብስ ሰፊዋ» መሆኔ ቀርቶ «ያቺ የሚጥላት» ሆንኩ። አማቴ ከእስቴ መጣች። ተቀምጣ ወሬ እንኳ ሳትጠይቅ ብርቱካንን አዘለቻት።

«እሳት ላይ ይዛት ትወድቃለች» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለልጇ። «እናትዬዋን የያዛት ይዟታል። ልጅቱ ትትረፍልኝ።»

ጌትነትን አየሁት። ጌትነት መሬት መሬት አየ። ልጄ በአያቷ ጀርባ ላይ ሆና እያለቀሰች ሄደች።

በእውነት ለመናገር አማቴ ያለችው ሁሉ ስሕተት አልነበረም። እኔም ብርቱካንን ይዤ ምድጃ አጠገብ መቀመጥ እፈራ ነበር። ልንቀው የማልችለው ይህን አንዱን ነገሯን ነው፤ የቀረውን ግን አሳምሬ ንቄዋለሁ። ወር ሳይሞላ አንድ «አዋቂ» ነኝ ባይ ላከችብኝ። ሰውዬው ዓይኔን በጣቱ ገልጦ አየና የያዘኝ ዛር ከአባይ ማዶ የመጣ መሆኑን ነገረኝ። የትውልድ አገሩን ሳይቀር ያውቃል! ፀጉሩ ላይ ቅቤ፣ አፉ ላይ የአረቄ ሽታ ነበረ። ከበሩ አስወጣሁት።

የሚገርመው ቀና ነገር የነገሩኝ የንስሐ አባቴ መምሬ ጥበቡ ናቸው። ተማርኩ የሚለው ሁሉ ሲቀባጥር እሳቸው ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ልጄ፣ ሲይዝሽ ስመ እግዚአብሔር ሲጠራ ይለቅሻል ወይስ ሰዓቱ ሲደርስ ነው የሚለቅሽ?» አሉኝ።

«ሰዓቱ ሲደርስ ነው አባቴ። ቢጠራም ባይጠራም ያው ነው።»

«እንግዲያማ ሥጋ ነው የታመመው። ጸበልሽን ጠጪ፣ ሐኪምሽን ፈልጊ። ሁለቱን የሚያጣላ ሰው ካጋጠመሽ ወደ እኔ ላኪው።»

ንፋስ መውጫ ሄድኩ። እዚያ አንድ ወጣት ጤና መኮንን «ይህ የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ጀመረልኝ። መውደቁ ቀነሰ። ጣቴ ግን በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ከመርገብገብ አልቦዘነም፤ ኪኒኑም ቀኑን ሙሉ ያፈዘኝ ነበር፤ ሁለት ቀሚስ ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጌ ሰፍቼ ለባለቤቶቹ አስረክቤአለሁ። ልጁ አላፈረም። «ከዚህ በላይ የእኔ እውቀት አይደለም» ብሎ ወደ ባሕር ዳር ጻፈልኝ። እንዲህ የሚል ሰው ብርቅ ነው።

ባሕር ዳር ኤምአርአይ ተነሣሁ፤ ራስን እንደ ቧንቧ ያለ ማሽን ውስጥ ከትቶ አንጎልን የሚያነሣ ምርመራ ነው። ፊልሙን ይዤ አንድ ስሙ የገነነ ስፔሻሊስት ዘንድ ገባሁ። በር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠን ስምንት ሰዓት ላይ ነው የተጠራነው፤ አጠገቤ የነበረች አንዲት የደራ ሴት ቆሎዋን ባታካፍለኝ በረሃብ እወድቅ ነበር። ሰውዬው ፊልሙን ወደ መስኮቱ ቀና አድርጎ አየ። አስቤው ሳይሆን ልማድ ሆኖብኝ ቆጠርኩ፤ አራት ላይ ስደርስ አወረደው።

«ኖርማል ነው» አለ፣ ለጌትነት። «አንጎሏ ንጹሕ ነው። ጭንቀት ነው። ቤት ውስጥ ትስማማላችሁ?»

«ዶክተር፣ እኔ እዚህ ነኝ» አልኩት።

«አየህ?» አለው ጌትነትን። «ንዴት አለባት።»

ጤና መኮንኑ የሰጠኝን ኪኒን ባንድ ጊዜ አስቁሞ የማረጋጊያ ኪኒን ጻፈልኝ። በአራተኛው ቀን፣ ቤቴ ውስጥ፣ አንዱ ሳይለቀኝ ሌላው እየያዘኝ አምስት ጊዜ ወደቅሁ። ጌትነት በሰው ሸክም ጤና ጣቢያ አድርሶኝ ነው የተረፍኩት። የሚጥል በሽታ ኪኒን ባንድ ጊዜ አይቋረጥም። እኔ ይህን የተማርኩት ልሞት ስል ነው፤ ያስቆመኝ ሰውዬ ግን በትምህርት ቤት ሊያውቀው ይገባ ነበር።

ጌትነት ያን ዕለት ተለወጠ። ስነቃ እያለቀሰ አገኘሁት። «አዲስ አበባ እንሄዳለን» አለ። እናቱ ስልክ ደውላ «ለማይሆን ነገር ጥሪትህን አትጨርስ» ስትለው ሰማሁ። «እማ፣ ሚስቴ ናት» አለና ዘጋው። ያችን አንዲት ቃል ለመስማት ስድስት ዓመት ጠብቄአለሁ። ያለንን ሁለት በሬ ሸጥን።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ትልቅ ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ያለፈውን ወራት አልተርክም። ካርድ ጠፋ፣ ቀጠሮ ተዛወረ፣ ሐኪሙ ስብሰባ ነው ተባለ። በመጨረሻ ዶክተር ሕይወት ዘንድ ደረስኩ። የነርቭ ሐኪም ናት፤ ቀጭን፣ ድካም ያጠቆረው ዓይን ያላት፣ ከእኔ በዕድሜ የማትበልጥ። ፊልሙን አልጠየቀችኝም። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ፦

«በየትኛው ጣትሽ ይጀምራል?» አለችኝ።

ስንት ነጭ ጋዋን አይቻለሁ! ይህን የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። አውራ ጣቴን አወጣሁና እንባዬ መጣ። ማልቀስ ስለማልወድ በራሴ ተናደድኩ።

«ከዚያስ ወዴት ይሄዳል? አፍሽ የሚያዘው በየትኛው በኩል ነው? አእምሮሽን ሳትስቺ ስንት ጊዜ ይቆያል?» እያለች አንድ ሰዓት ሙሉ ጻፈች። ከዚያ «ይህ ጭንቀት አይደለም» አለች። «በግራ በኩል፣ አንጎልሽ ላይ ቀኝ እጅን የሚያዘው ቦታ ጎን የሆነ ነገር አለ። ፊልሙ ላይ ስላልታየ የለም ማለት አይደለም።»

አዲስ ኤምአርአይ አስነሣችኝ። ይህንንም ፊልም የሚያነቡት ሐኪሞች «ኖርማል» አሉት። እሷ ግን ምስሉን ኮምፒውተሯ ላይ ላለ ፕሮግራም ሰጠችው። ዲፕ ለርኒንግ ይሉታል። ምን እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ሙያዬን ታውቃለችና በሚገባኝ ነገረችኝ።

«የአንጎል ላይኛው ገጽ እንደተጨማደደ ጨርቅ ነው። እኛ ፊልም ላይ የምናየው ተቆራርጦ ነው፤ እጥፋቱ ሥር ያለው ይደበቅብናል። ፕሮግራሙ ቁርጥራጩን መልሶ ገጥሞ ጨርቁን ይዘረጋዋል። ከዚያ እያንዳንዱን ነጥብ ይለካል፦ ውፍረቱን፣ የእጥፋቱን ጥልቀት። የብዙ ጤነኞችንና የብዙ ሕሙማንን አንጎል እያየ ስለተማረ ያንቺን ከነሱ ጋር ያስተያያል።»

«እና ሁሌ እውነቱን ነው?»

«አይደለም» አለች ሳታመነታ። «ጤነኛውን ቦታ ታሟል ይላል፤ የታመመውንም ያልፋል። ለሐኪም አቅጣጫ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም።»

ሳምንት ቆይተን ስንመለስ የአንጎሌን ሥዕል ስክሪኑ ላይ አዞረችው። ሁለት ቦታ ቀይ ሆኗል። አንደኛው ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ሌላው በግራ፣ አንድ ጠባብ እጥፋት ሥር።  ሁለት?

«የቀኙ ውሸት ይመስለኛል» አለች። «ከኋላ ያለው የማየት ቦታ ነው፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ሕመምሽ በዓይንሽ ብልጭታ ይጀምር ነበር እንጂ በቀኝ አውራ ጣት አይጀምርም። የግራው ግን አንቺ የነገርሽኝ ቦታ ነው።»

ያን ዕለት የገባኝን ልንገራችሁ። ማሽኑም ይሞኛል። ግን ሞኝነቱን አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት ታውቃለች፤ ነግራኛለችም። አንጎሌን አራት እስኪቆጠር አይቶ ንጹሕ ነው ያለው ሰውዬ ሞኝነት ግን ማዕረግ ለብሷል፤ ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

ፊልሙን ወደ ዋናው ራጅ አንባቢ ይዛው ስትገባ እኔም ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ። በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። መጀመሪያ «የኮምፒውተር ጨዋታ ልታሳዪኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። እሷ እጥፋቱን አሳየችው። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ተጠጋ። ብዙ ቆየ።

«አሁን ሲያሳዩኝ ይታየኛል» አለ በመጨረሻ።

ሲያሳዩትማ ማን አያይም! ያም ሆኖ አልዋሸም፤ ፊርማውን አኑሮ «ተሳስቼ ነበር» ብሎ ጽፏል። ከንቀቴ ግማሹን ቀንሼለታለሁ።

ነገሩ እናቴ ማሕፀን ውስጥ ሳለሁ ንብርብሩ ሳይስተካከል የቀረ ትንሽ የአንጎል ሥጋ ነው። ዛርም አይደለም፣ ጭንቀትም አይደለም፣ የባሌም ጥፋት አይደለም። ሁለት ዓይነት ሌላ ኪኒን ተሞከረ፤ ሁለቱም አላቆሙትም። የቀረው ቀዶ ጥገና ነበር። ቀዶ ሐኪሙ አንገቱ ወፍራም፣ ንግግሩ ቁርጥ ያለ ሰው ነው።

«ቦታው ከእጅሽ ማዘዣ ጋር ተጣብቋል። ብዙ ከቆረጥኩ እጅሽ ይሰንፋል። ትንሽ ከቆረጥኩ ሕመሙ ይመለሳል። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

 ጌትነት እጄን ያዘ። ሁለት ቀን አሰብኩ። እጄን ባጣስ? ብርቱካንን ሳላቅፍ ላረጅስ? በየሰዓቱ ሐሳቤን ቀየርኩ። በመጨረሻ የወሰንኩት በእምነትም በድፍረትም አይደለም። ያን አግዳሚ ወንበር፣ ያን ክብሪት፣ ያን «አየህ?» የሚል ድምፅ ሌላ ሠላሳ ዓመት መሸከም ስላስጠላኝ ነው።

አእምሮዬ ነቅቶ ነው የተቀደድኩት። እንድትፈሩ አይደለም፤ የራስ ቆዳ ይደነዝዛል፣ አንጎሉ ራሱ ሕመም አይሰማውም። ድምፁ ግን ይሰማል። ዶክተር ሕይወት ከመጋረጃው በዚህ በኩል ተቀምጣ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ በቀኝ እጄ ሰጠችኝ። «በአውራ ጣትሽና በጠቋሚሽ እሺው፤ አታቋርጪ» አለችኝ። አሸሁ። ፖፕሊን ነበር፣ ርካሹ ዓይነት። ነገርኳት፤ ሳቀች። ብዙ አሸሁ። ከዚያ ጣቴ እንደ መንተባተብ አለ።

«ቁም!» አለች ዶክተር ሕይወት።

ቀዶ ሐኪሙ ቆመ።  ጨርቁን ልጨብጥ ሞከርኩ፤ ጣቴ ዘገየ፣ ከዚያ መጣ።

«የቀረችውን አልነካትም» አለ ሰውዬው። «ይበቃል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አልወደቅሁም። ጣቴም በራሱ ጊዜ አልታጠፈም። ኪኒኔን አሁንም እውጣለሁ፤ መቼ እንደምተው የሚነግረኝ ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም። የጠቋሚ ጣቴ ጫፍ ደንዝዟል፤ መርፌ ሲወጋኝ የማውቀው ጨርቁ ላይ ደም ሳይ ነው። ቀጭን ጥልፍ መሥራት ትቻለሁ። ዩኒፎርም ግን እንደ ድሮዬ እሰፋለሁ።

ብርቱካንን ላመጣ እስቴ የሄድኩት ብቻዬን ነው። አማቴ በር ላይ ቆማ የራስ ቅሌን ጠባሳ አየች። በሕፃንነቷ የተወሰደችው ልጄ ግን አላወቀችኝም። ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። አስገድጄ አልወሰድኳትም፤ ሦስት ሳምንት እዚያው ተቀመጥኩ። ከአማቴ ጋር ከአንድ ሞሰብ እየበላሁ፣ እየናቅኳትም፣ ልጄን ስታሳድግ ያየሁባትን ደግነት እያመሰገንኩም። በሦስተኛው ሳምንት ብርቱካን ራሷ መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች።

ወሬ አገር ይዞራል። ባለፈው በጋ ከስማዳ፣ ከወገዳ በላይ ካለ ቀበሌ አንድ ገበሬ ዘውድነሽ የምትባል እኅቱን ይዞ ሱቄ ድረስ መጣ። ፊልሟን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ይዟል። እሷም እንደኔ ትወድቃለች፤ እሷም «ምንም የለብሽም» ተብላለች።

«ያንን ሁሉን የሚያይ ማሽን አሳዩን» አለኝ።

«ሁሉን አያይም» አልኩት። አላመነኝም። አብሬያቸው ሄድኩ። ዶክተር ሕይወት ዘውድነሽን አስቀምጣ ጠየቀቻት፣ ኤምአርአይ አስነሣቻት፣ ምስሉን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባችው። ሳምንት ቆይተን ስንመለስ ስክሪኑ ላይ አንድም ቀይ ቦታ አልነበረም።

ዶክተር ሕይወት አልሸፋፈነችም። «አላገኘሁትም» አለቻት። «ፕሮግራሙም አላገኘውም፣ እኔም አላገኘሁትም። የነገርሽኝን ይዤ ኪኒንሽን እለውጣለሁ፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ እንፈልጋለን።»

ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ወንድምዬው አንገቱን ደፋ። እኔም አፈርኩ፤ ያን ሁሉ አገር አስኬጄ ባዶ እጃቸውን የመለስኳቸው መሰለኝ። ዘውድነሽ ግን አዲሱን ማዘዣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች።

«አይዞሽ» አልኳት።

«ምን ሆንኩና?» አለችኝ። «ምንም የለብሽም ያሉኝ ብዙ ናቸው። አላገኘሁትም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ተነሡ፣ መድኃኒት ቤቱ ሳይዘጋ እንድረስ።»